ወሎዬ «ተጫዋች ነው» ሲባል ምስጋና ነው ወይስ ማቃለል?

የደሴዋ፦ ወሎዬ ነኝ ባልኩ ቁጥር «ውይ፣ ወሎዬ እኮ ተጫዋች ነው!» ይሉኛል። ወዲያው «በይ እስቲ አስቂን» ይከተላል። ቁም ነገር ሲመጣ ግን የሚጠራኝ የለም። እኔ ይሄን ምስጋና አልለውም። እናንተስ?

የባቲው፦ እህቴ፣ ቃሉን እኮ ለፌዘኛ አትስጪው። እኛ ጋ ተጫዋች ማለት ሰው ማናገር የሚያውቅ ነው። «ና ቡና ጠጣና እንጫወት» ሲባል ወግ ነው። ለቅሶ ቤት ያለውን እዪ። ሐዘንተኛው እህል አልቀምስም ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ትልልቆቹ «እስቲ ጠጋ በልና አጫውተው» ብለው አንዱን ይልካሉ። የሚልኩት ቀልደኛውን አይደለም። ሰውዬው ቀስ ብሎ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ያወጋል። ሟቹንም በደግ ያነሳዋል። ቆይቶ ሐዘንተኛው እንጀራ ይቆርሳል። ይሄ ከቁም ነገር በምን ያንሳል?

የወልድያው፦ የድሮው እንዳልከው ነው። የዛሬውን ግን እንነጋገር። የ1966ቱንም የ1977ቱንም ረሃብ ያየ አገር ነው። ማስታወቂያ ላይ ግን ወሎዬ ሲስቅና እስክስታ ሲወርድ ብቻ ነው የሚታየው። የሚስቅ ሰው ደግሞ የቸገረው አይመስልም።

የላስታው፦ አለቃ ገብረ ሐናን አስቡ። የወሎ ሰው ባይሆኑም በጨዋታ አዋቂነት የሚስተካከላቸው የለም። የተክሌ አቋቋም የሚባለው የቤተ ክርስቲያን ዝማሬና ሽብሸባ ስልትም የሳቸው ሥራ ነው። ጨዋታቸው ሊቅነታቸውን አልነካም።

የደሴዋ፦ ነካ እንጂ! ስማቸው ሲነሳ ስንቱ ነው አቋቋሙን የሚያስታውስ? ሁሉም ቀልዳቸውን ነው የሚያወራው። እኔም የምለው እሱኑ ነው።

የላስታው፦ እሱስ ልክ ነሽ። ጥፋቱ ግን የሰሚው ነው፤ ቃሉ ምን አጠፋ?

የባቲው፦ ጨዋታን ጨዋታ ያነሳዋል፤ አንድ ልጨምር። ባቲና አምባሰል የቅኝት ስም ሆነዋል። አምባሰል በማሲንቆ ሲወጣ ሆድ ያባባል እንጂ አያስቅም። ወዳጃ በምንለው የጸሎት ስብሰባ ላይም ቡናው፣ ዱዓውና መንዙማው አብረው ነው የሚሄዱት። ተጫዋችነታችን ሐዘኑንም ጸሎቱንም የያዘ ነው። ስለዚህ ቃሉን አንለቅም። ከለቀቅነው ለፌዘኛ ይቀራል።

የወልድያው፦ አትልቀቁ፣ ግን ማስታወቂያውን ተቃወሙ።

የደሴዋ፦ ከዚህ ወዲያ ተጫዋች የሚለኝ ሰው ቁጭ ብሎ ያጫውተኝ። ስለ ውሃውም፣ ስለ መንገዱም።