3 ሰዓትና 9:00 ተደበላለቁብኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንድ አዳራሽና ሁለት ፕሮጀክተር የምንጋራ ትንንሽ ማኅበራት ነን። ድሮ ተራ የምንይዘው በደብተር ነበር። አሁን ሊብሬቡኪንግ የሚባለውን ነፃ የቀጠሮ ማስያዣ ሶፍትዌር ጫንኩ። በፒኤችፒ (የፕሮግራም ቋንቋ) እና በማይኤስኪውኤል (ዳታቤዝ፣ ማለትም የመረጃ ቋት) ስለሚሠራ መጫኑ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ሰዓቱ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት መምህርት አዳራሹን ለጠዋት 3 ሰዓት ያዙ። ስክሪኑ ላይ የነኩት 3:00 የሚለውን ነው። ለሲስተሙ ግን ያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ሌላው ማኅበር ደግሞ 9:00 ብሎ ያዘ፤ ለሲስተሙ ጠዋት 3 ሰዓት ማለት ይሄ ነው። ጠዋት ሁለቱም በር ላይ ተገናኙ። መምህርቷ ያተሙትን ወረቀት ይዘዋል፤ ልጆቹ ከኋላቸው ተሰልፈዋል። መልሰው ይዘዋቸው ሲሄዱ አንጀቴን በሉት።

ለማስተካከል ብዬ የሰዓት ቀጠናውን ከአዲስ አበባ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ወደሚቀር ቀጠና ቀየርኩት። አዲስ የተመዘገቡት አሁን 3:00 ያያሉ። ግን እያንዳንዱ አካውንት የራሱ ቀጠና አለው ለካ! የድሮዎቹ ዛሬም የሚያዩት 9:00 ነው። ጭራሽ ባሰበት።

የሁሉንም ቀጠና ዳታቤዙ ላይ በቀጥታ ብቀይር የተያዙት ቀጠሮዎች ይበላሹብኛል? ወይስ ወደ አዲስ አበባ መልሼ፣ በየሰዓቱ ሳጥን ላይ «ጠዋት 3 ሰዓት» የሚል መጠሪያ ብጽፍ ይሻላል? መጠሪያው ማስታወሻ ኢሜይሉ ላይም ይወጣል? ለጥምቀት ሰሞን አዳራሹ ፋታ የለውም፤ ከዚያ በፊት መልክ ላስይዘው እፈልጋለሁ። የሞከራችሁት ካላችሁ ንገሩኝ።