በአማርኛ ላስረዳ ወይስ ይቅርብኝ? የደሴና ኮምቦልቻ ክርክር

ቦርከና፦
ቤተሰብ፣ እንዴት ዋላችሁ? ኮምቦልቻ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ኢንጂነሪንግ አስተምራለሁ። ትናንት ሞመንትን፣ ማለትም ኃይል አንድን ነገር የማዞር አቅሙን፣ በእንግሊዝኛ አርባ ደቂቃ አስረዳሁ። ክፍሉ ጭጭ! ሲሰለቸኝ ወደ አማርኛ ገባሁና «በር ስትከፍቱ ለምን ከማጠፊያው ራቅ አድርጋችሁ ትገፋላችሁ?» አልኳቸው። አንዱ ከኋላ ጮኸ፦ «እጀታው ዳር ላይ የሚሠራው ለዚህ ነው እንዴ!» ክፍሉ ነቃ። ስወጣ ግን አንድ ባልደረባዬ «ደንብ እየጣስክ ነው» አለኝ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው እንደሚል አላጣሁትም። ግን ያልገባውን ልጅ ምን ላድርገው? እስቲ ተከራከሩኝ።

የጦሳ ልጅ፦
ቲቸር፣ በሩ ተመችቶኛል። ኤግዚት ኤግዛም (የመውጫ ፈተና) ላይ ግን በር የለም። ከ2015 ጀምሮ ያለሱ ዲግሪ አይታሰብም፤ ማለፊያው 50 ነው፤ እኔ የተፈተንኩት ከላይ እስከ ታች እንግሊዝኛ ነበር። አንድ ኮርስ ሙሉውን በአማርኛ የተረከልን መምህር ነበረን። እንዴት እንደወደድነው! ፈተናው ላይ የማውቀው ነገር ፊቴ ቆሞ ስሙን አላወቅኩትም። ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

የሩቅ እንግዳ፦
እኔ ከባሌ ነው የመጣሁት። ደሴ ስደርስ መጀመሪያ የተማርኳት ቃል «አብሽር» ናት። ብርዱ ሲያንቀጠቅጠኝ የዶርም ልጆች «አብሽር፣ ይለመዳል» ይሉኝ ነበር። (እስካሁን አልተለመደም።) ሰዉ ደግ ነው። ክፍል ውስጥ ግን መምህሩ በአማርኛ ሲቀልድ ሁሉም ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ምን እንዳሳቀኝ አላውቅም። ቀልዱስ ይለፈኝ፤ ችግሩ ምሳሌው ቀልዱ ውስጥ መሆኑ ነው። እንግሊዝኛው ለሁላችንም ይከብዳል። አማርኛው ግን ለእናንተ የቤታችሁ ነው፤ ለእኔ ሌላ ኮርስ ነው።

ቦርከና፦
ይሄን አላሰብኩትም። ከባሌ፣ ከአፋር፣ ከሶማሌ የመጣ ስንት ልጅ ፊቴ እንደሚቀመጥ ጠይቄ እንኳ አላውቅም።

ሸዋ በር፦
ወንድሜ፣ እኔም አስተማሪ ነኝ፤ በዚህ ብዙ ተንገላትቻለሁ። ሃየር ዲፕሎማ፣ የመምህራኑን የማስተማር ዘዴ ሥልጠና፣ ስንሠለጥን፣ አዎ ያ አንድ ዓመት ሙሉ ፋይል ያሸከመን፣ ከፋይሉ ሁሉ ሁለት ነገር ቀርቶልኛል።

አንዱ ዝም ማለት ነው። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ያገኘችው ነገር አለ። አስተማሪ ጠይቆ መልስ የሚጠብቀው አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ሦስት ሰከንድ ሲታገስ መልሱ ይረዝማል፤ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ይጀምራሉ። ጥያቄውን ወደ ኦሮምኛ፣ መልሱን ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ በልቡ የሚመልስ ልጅ አንድ ሰከንድ ምን ትበቃዋለች? ሞክሩት ግን። ሰባ ሰው እያያችሁ ሦስት ሰከንድ ዝም ማለት ዓመት ነው የሚመስለው።

ሁለተኛው ቁራጭ ወረቀት ነው። ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው «ያልገባችሁን አንድ ነገር ጻፉ፤ ስም አያስፈልግም፤ በፈለጋችሁት ቋንቋ» እላለሁ። ኦሮምኛውን ባልደረባዬ ያነብልኛል። መጀመሪያ ቀን የወረቀቱ ግማሽ አንድ ቃል ላይ ተሰናክሎ አገኘሁት። ቀመሩ መስሎኝ ነበር። ለካ «ሪስፔክቲቭሊ» (እንደ ቅደም ተከተላቸው) ናት! በቀን አሥር ጊዜ የምላት ቃል። ከዚያ ወዲህ ከየምዕራፉ በፊት አሥራ አምስት ቃላት ቴሌግራም ላይ እለቃለሁ። የአማርኛና የኦሮምኛ ትርጉሙን ተማሪዎቹ ራሳቸው ይሞሉታል። የማስረዳው በእንግሊዝኛ ነው፣ ቀስ ብዬ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆቼ፣ በእኛ ጊዜ መምህሩ ይጽፋል፣ እኛ እንገለብጣለን፣ አለቀ። ገባችሁ ወይ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ሰው ሆነናል። ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት ነው እንዴ? ለሰባ ተማሪ ሰባ ዓይነት ትምህርት ልትሉ ነው?

ሸዋ በር፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰው የሆኑትማ እዚህ ይጽፋሉ። ተባርረው አገራቸው የተመለሱት የት ይጻፉ?

ጡረተኛው መምህር፦
እሱስ አለ። አብሮኝ የገባ የሰፈሬ ልጅ በመጀመሪያው መንፈቅ ተባርሮ ለገና ቤቱ ገባ። ከእኔ የሚበልጥ ጭንቅላት ነበረው።

የጦሳ ልጅ፦
የቃላቱ ነገር ይሁን። ኩዊዝ በአማርኛ ይመለስ የሚል ከመጣ ግን እጣላለሁ።

ሸዋ በር፦
ውጤት የሚያዝበት በእንግሊዝኛ። ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲወያዩ ግን በፈለጉት ያውሩ። በልቡ ያልገባውን በፈረንጅ አፍ ከየት ያመጣዋል?

ጆሮዬ ነው፦
ዓይነ ስውር ነኝ፣ ደሴ ነው የምማረው። ሁላችሁም ቋንቋ ቋንቋ ትላላችሁ። እኔን የገደለችኝ «ይሄ» ናት። «ይሄ ከዚህ ጋር ሲደመር ያንን ይሰጠናል።» ይሄ ማነው? ያኛውስ? በእንግሊዝኛ ሲሆን ደግሞ «ዚስ» ትሆናለች። ሰሌዳው ላይ የጻፈውን ጮክ ብሎ የሚያነብ መምህር ባገኝ ግማሹ ችግሬ ያልቅ ነበር። ሃንድአውት ስጠይቅ ገጹን ፎቶ አንስተው ይልኩልኛል። የኮምፒውተሬ አንባቢ ፕሮግራም ጽሑፍ ያነባል፤ ፎቶ ላይ ድዳ ነው። መምህሩ የተየበበት ፋይል እጁ ላይ አለ እኮ! እሱን ቢልክልኝ ከሙሉ ክፍሉ ጋር አነባለሁ።

ቦርከና፦
ወላሂ አፈርኩ። ትናንት በሩን ሳስረዳ ራሱ «ይሄ ጋ ስትገፉት፣ ይሄ ጋ ስትገፉት» ነበር የምለው። ፋይሎቼን ዛሬ ማታ ግሩፑ ላይ እለቃለሁ። ነገ ደግሞ «ይሄ» ባልኩ ቁጥር ጠረጴዛ የሚመታ ልጅ እመድባለሁ።

የጦሳ ልጅ፦
ጠረጴዛው አይተርፍም።

የሩቅ እንግዳ፦
ቲቸር፣ ክፍልህ ብሆን እኔ እመታልህ ነበር። «ይሄ»ን በደንብ አውቃታለሁ።