ተማሪዎቼን ከነገደ ወይጦ ሰዎች ጋር ፊት ለፊት ማነጋገር ይጠቅማል ወይስ ያስቀይማል?

ጠያቂ፦ የሥነ ዜጋ መምህር

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ከመጀመሬ በፊት ሞግቱኝ።

ከደንገል፣ ሐይቅ ዳር ከሚበቅለው ቄጠማ መሰል ተክል፣ የሚሠራው ታንኳ የከተማችን መለያ ነው። የሆቴሉ ግድግዳ ላይ አለ፣ ቲሸርቱ ላይ አለ፣ የሠርግ ቪዲዮ ያለ እሱ አይሞላም። ታንኳውን የሚሠሩት ነገደ ወይጦዎች ግን ከአስፋልቱ በፊት እዚሁ ሐይቅ ዳር ነበሩ። ቤታቸው ገብቶ ቡና የጠጣ ከመካከላችን ስንት አለ?

ክፍል ውስጥ ስለ እኩልነት ስጠይቅ እጅ የማያወጣ ልጅ የለም። ፈተና ላይም አይስቱትም። በቅርቡ የቡድን ሥራ ሰጠሁ። አንዱ ቡድን ውስጥ አባቱ ታንኳ የሚሠራ ልጅ አለ። እረፍት ላይ አንዷ ከቤት ያመጣችውን ድፎ ዳቦ አወጣች። ሁሉም ከፌስታሉ እየቆረሱ በሉ። ለሱም ሰጡት፤ ለብቻ ቆርሰው፣ ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ላይ አድርገው። ክፉ ቃል የተናገረ የለም። ልጁም አመስግኖ በላ። ይሄን በምን ፈተና ነው የማርመው?

አሁን ያሰብኩት «የሰው ቤተ መጻሕፍት» የሚባለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ዴንማርክ ውስጥ፣ ሮስኪልዴ በሚባለው የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ነው የተጀመረው። መጽሐፍ በመዋስ ፋንታ ሰው ትዋሳለህ። ብዙ ጊዜ ሰው በሩቁ የሚያማውን ዓይነት ሰው ማለት ነው። ከፊቱ ቁጭ ብለህ የምታፍርበትን ጥያቄ ትጠይቀዋለህ፣ እሱም ይመልስልሃል፣ መመለስ ካልፈለገም ይተወዋል። እኔም አንድ ቅዳሜ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት አንድ ታንኳ ሠሪ፣ ከሥጋ ደዌ የዳነ ሰው፣ ዝሆኔ ያለባት እናትና ከኤች.አይ.ቪ ጋር የሚኖር ሰው ልጋብዝ አስቤያለሁ።

የምፈራው፣ ሰውን እንደ ኤግዚቢሽን እንዳላስቀምጥ ነው። ነገደ ወይጦ ጉማሬ ይበላል ተብሎ ስለሚወራ፣ ልጆቹ ገና ሳይቀመጡ «ጉማሬ ትበላላችሁ?» እንደሚሉ አውቃለሁ። አለቃዬ ደግሞ «የተኛ ነገር አትቀስቅስ» ብሎኛል። ሞክሮ ያየ ካለ ይንገረኝ።

ቆረሶ

መምህር፣ ሐሳብህ ጥሩ ነው። ግን እነዚህ ሰዎች የቸገራቸው የሚያወራቸው ሰው ይመስልሃል? ደንገሉ በእርሻና በግንባታ እያለቀ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ደግሞ እምቦጭ መጣ። ዓሣ አጥማጅ ነኝ፣ በየቀኑ የማየው ነገር ነው። መረብ ትጥላለህ፣ አረም ትጎትታለህ። መሬት የለው፣ ደንገል የለው፤ ከልጆች ጋር ቁጭ ብሎ ቢጫወት ምን ያተርፋል? ባለሥልጣኑን ጥራና እሱ ይጠየቅ።

ጤና ጣቢያ

ስለ ታንኳው ሌሎች ይናገሩ። እኔ ስለ በሽታው ልጨምር። ሕመም ያለበትን ሰው ከጋበዝክ፣ «ይተላለፋል ወይ?» የሚለውን እሱ እንዲመልስ አታድርግ። ያ ጥያቄ በልባቸው እያለ ልጆቹ ሌላውን አይሰሙትም። ቀድሞ አንድ የጤና ባለሙያ ይግባና አጭር ነገር ተናግሮ ይውጣ። እኛ አካባቢ በብዛት የምናየው ዝሆኔ በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ከመሄድ የሚመጣ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጫማ፣ ውኃና ሳሙና ብዙ ይለውጡታል። ሥጋ ደዌ እንደ ዓይነቱ በስድስት ወር ወይም በአንድ ዓመት መድኃኒት ይድናል፤ ሕክምና የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ማስተላለፉን ያቆማል። አጭር ነው፣ ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

አንድ የማስታውሰው ነገር አለ። በ1990ዎቹ ከኤች.አይ.ቪ ጋር የሚኖሩ ሰዎች በየትምህርት ቤቱና በየቀበሌው ቆመው ሲናገሩ ሰሚው ያለቅስ ነበር። ማታ ግን ቤት አያከራያቸውም። በ1997 መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላ ነው ነገሩ የላላው። አልጋ ላይ ያየኸው ሰው ወፍሮ ሱቁን ሲከፍት ስታይ፣ አፍህም ይያዛል። የቆረሶን ነገር በከፊል የምቀበለው ለዚህ ነው።

የታንኳ ሠሪ ልጅ

ነገደ ወይጦ ነኝ። አባቴ ታንኳ ይሠራል፣ እኔ ከተማ ውስጥ ቢሮ ነው የምሠራው። መምህር፣ ካልተቆጡኝ በቀጥታ ልናገር።

ቤተ መጻሕፍቱን ይተዉት። አባቴን አምጥተው ወንበር ላይ ቢያስቀምጡት ኮሌታውን እየነካካ «እግዜር ይስጥልን» ብሎ ይወጣል። ልጆቹም «ትሑት ሰው ናቸው» ብለው ይሄዳሉ። ይልቅ ልጆቹን ሐይቁ ዳር ያምጧቸው። እዚያ እሱ ነው መምህሩ። ደንገሉን ከሥሩ ማጨድ፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ የደረቀውን መርጦ ማሰር፤ ይሥሩት እንጂ አይመልከቱት። አባቴ ነዶውን በጉልበቱ ተጭኖ ነው የሚያስረው። ልጅ ሲጎትት ካየ «አትጎትት፣ ተጫነው!» ብሎ ይጮኻል። ለዶክተርም ለባለሀብትም እንደዚያው ይጮኻል። ታንኳ ውኃ ይጠጣል፤ ከሐይቁ ወጥቶ ካልደረቀ እየከበደ ይሄድና ይበሰብሳል። የራሰውን ታንኳ ለአራት ተሸክሞ ያቆመ ልጅ ሌላ ዓይነት ጥያቄ ነው የሚጠይቀው።

ስለ ጉማሬው አይጨነቁ፣ ይጠይቁ። አባቴ መልስ አለው። «አያቶቼ በልተዋል፣ ይጣፍጥ ነበር አሉ። ያንተ ቅድመ አያትስ ምን ይበላ ነበር?» ይልና ይስቃል። እኛን የሚደክመን እሱ አይደለም። የሚደክመን በትሕትና የሚደረገው ነው።

አንዱን ልንገራችሁ። የቢሮ ጓደኛ አለችኝ፣ እንደ እህቴ ናት። ቤቷ ስሄድ እናቷ ቡና ያፈላሉ። ለሁሉም ከረከቦቱ ላይ ይቀዳል። ለእኔ ግን እመት ተነሥተው ከቁም ሣጥን ውስጥ ባለ አበባ ስኒ ያመጡልኛል። ለክብር ነው እንዳልል፣ ሁልጊዜ ያችኑ ስኒ ናት፤ ከሌሎቹ ጋርም አትታጠብም። ጓደኛዬ ወለሉን ታያለች። እኔም ቡናው ሸጋ ነው እላለሁ። ስንት ጊዜ ስለ እኩልነት አብረን አውርተናል፣ ስኒዋ ግን አልተነቃነቀችም።

በኋላ ጓደኛዬ ወለደች። እናትዮዋም በዚያው ሰሞን ወባ ጣላቸው። ቤት ውስጥ ሰው አልነበረም። ገብቼ ለአራሷ ገንፎ አገነፋሁ፣ ለእሳቸው አጥሚት ሠራሁ። ከእጄ ጠጡ። ከዚያ በኋላ የኔም ቡና ከረከቦቱ ላይ ይቀዳል። የተባለ ነገር የለም።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አንድ ቀን ግን እጄን ይዘው ምን አሉኝ መሰላችሁ? «ልጄ፣ አንቺ እኮ እንደነሱ አይደለሽም።»

መምህር፣ እኔ ያንን ነው የምፈራልዎት። አንድ ጨዋ፣ አንደበተ ርቱዕ ሰው ካመጡላቸው ልጆቹ እሱን ከወገኑ ይነጥሉታል። እሱን ይወዱታል፣ ሌሎቻችንን እዚያው ይተዉናል። ስለዚህ ብዙ ሰው ይኑር። አባቴም፣ ነጭናጫው አጎቴም፣ ሰፌድ የምትሰፋው አክስቴም፣ ስልኳ ላይ ተጥዳ የምትውለው የአክስቴ ልጅም። ሁሉንም «እንደነሱ አይደለህም» ማለት አይቻልም።

ሁለት ነገር ልጨምር። ያን ተማሪዎን አስተዋዋቂ አያድርጉት፣ እንደ ጓደኞቹ ይምጣ። ደግሞ የአባቴ የአንድ ቀን ሥራ ይከፈል። እንግዳ መምህር ስትጠሩ አበል ትከፍሉ የለም?

ሳይኮሎጂ ማስተርስ

እህታችን በስኒ የተናገረችውን ሰዎች በጥናት ሲፈልጉት ኖረዋል። የሥነ ልቦና ምሁሩ ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 መገናኘት ብቻውን አይበቃም ብሏል። ሰዎቹ በዚያ ሰዓት እኩል ይሁኑ፣ አንድ ዓላማ ይኑራቸው፣ ተጋግዘው ይሥሩ፣ የበላይ አካልም ይደግፈው ነው የሚለው። የራሰውን ታንኳ ለአራት መሸከም ሦስቱን ያሟላል። አራተኛው ያንተ አለቃ ናቸው መምህር፤ ደብዳቤውን ፈርመው ቢመጡ ጥሩ ነው። በኋላ ፔቲግሩና ትሮፕ ከ500 በላይ ጥናቶችን ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲያወጡ፣ መገናኘት በአብዛኛው ጥላቻን እንደሚቀንስ፣ ሁኔታዎቹ ሲሟሉ ደግሞ የበለጠ እንደሚሠራ አይተዋል።

ለእኛ የሚቀርበው ግን የኢራቁ ነው። ሳልማ ሙሳ የምትባል ተመራማሪ፣ አይሲስ ያፈናቀላቸው ክርስቲያኖች በሚጫወቱበት የእግር ኳስ ውድድር ላይ አንዳንዱ ቡድን ውስጥ ሙስሊም ተጫዋቾች አስገባች። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ወጣ። አብረው የተጫወቱት፣ ከወራት በኋላም ከሙስሊሞች ጋር መለማመዱን አልተዉም። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነባት ሞሱል ወዳለው ምግብ ቤት መሄድ ላይ ግን ለውጥ አልታየም። ሜዳ ላይ ወንድም፣ ማዕድ ላይ ባዕድ። ስለዚህ ከሥራው በኋላ ምሳው ካልተጨመረ ነገሩ ደንገል ማሰር ላይ ይቆማል ብዬ እፈራለሁ።

ስለ ወሬው ደግሞ፣ ቆረሶ ከንቱ ቢያደርገውም ከንቱ አይደለም። ብሩክማንና ካላ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት፣ ማያሚ ውስጥ በር እያንኳኩ ስለ ትራንስጀንደር ሰዎች (ሲወለዱ ከተሰጣቸው ጾታ የተለየ ማንነት ስላላቸው ሰዎች) ከመራጮች ጋር አሥር ደቂቃ ያህል ማውራት ቢያንስ ለሦስት ወር የሚቆይ ለውጥ አምጥቷል። አሥር ደቂቃ አቦል እንኳ አያስወርድም! ዘዴያቸው ክርክር አልነበረም። «አንተስ ከሰው የተለየህ ተብለህ የተናቅክበት ጊዜ አለ?» ብለው ይጠይቁና ዝም ብለው ያዳምጣሉ። ይሄን ጥያቄ ለልጆቹ ቀደም ብለህ ክፍል ውስጥ ስጣቸው፣ በጽሑፍ ይሥሩት። ባሕር ዳር ከገጠር መጥቶ በአነጋገሩ ያልተሳቀበት ተማሪ ጥቂት ነው።

ጠያቂ፦ የሥነ ዜጋ መምህር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቤተ መጻሕፍቱ ቀርቷል፣ ሐይቁ ዳር ይሁን። የጤናውን ቀን ለብቻው አደርገዋለሁ፣ ባለሙያውም ይቀድማል። አበሉን ከክበቡ ገንዘብ እጠይቃለሁ፣ እምቢ ካሉኝ መምህራን እናዋጣለን።

ምሳው ላይ ግን ተቸግሬያለሁ። ሥጋ ከሆነ የእስላም የክርስቲያን የሚለው ይመጣል። ወላጆች ይጮኻሉ፣ ልጆቹም ሰበብ ያገኛሉ። እህቴ፣ ምን ትመክሪኛለሽ?

የታንኳ ሠሪ ልጅ

ዓሣ ነዋ መምህር! ሐይቅ ዳር ሆነው ሥጋ ምን ያደርጋል? ዓሣ ባራኪ አይጠይቅም። ብቻ ጾም የሌለበት ቅዳሜ ይምረጡ። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ከተነሣ ማንም ደንገል አያስርም። አክስቴ ትጠብሰዋለች። ልጆቹ ይላጡ፣ ሽንኩርት ይክተፉ፣ እንጀራ ግን እናንተ አምጡ። ጤፉ በዚህ ዋጋ ለእኛ አይሆንም።

ቆረሶ

ዓሣው ከኔ። ቆረሶ የሚባለው ዓሣ ካልተገኘ ሌላ ባለ ቅርፊት ዓሣ አመጣለሁ፣ መቼም ስለ ዓሣ ምርጫ አትከራከሩም። ስለ መሬቱ ያልኩትን ግን አልተውኩም። ልጆቹ አባትየውን ስለ ደንገሉ ይጠይቋቸው፤ የት የት እንደነበረና አሁን ምን እንደተሠራበት ጽፈው ለከንቲባው ይስጡ።

አንድ ነገር ደግሞ። ልጆቹን ዐባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት በኩል እንዳትወስዷቸው፣ ጉማሬው ማለዳ እዚያ ነው የሚውለው። ታንኳውን ውኃ ላይ የምትሞክሩት ከሆነ ጀልባ ይዤ አጠገባችሁ እቆማለሁ። ነዳጁን ብቻ ሸፍኑ።