«ቁጥር የትም አያደርስም»? መንገድ በቁጥር ይጠራ ወይስ በቦታ?

ካርታው፦
ትናንት ባለተሳቢው የጻፈው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ስለ አውራ ጎዳና ቁጥሮች ስናወራ እንዲህ አለ፦ «መንገድ የሚጠራው በሚያደርስበት ቦታ ነው። ቁጥር የቢሮ ሰዎች ነገር ነው። ቁጥር የትም አያደርስም።» ሌላ ሰው ብሎት ቢሆን አልፈው ነበር። ይህን ያለው ግን ዕድሜውን መሪ ላይ ያሳለፈ ሰው ነው። እሱ ሲለው ሰው ያምነዋል።

እስቲ ቁጥር ያልነበረበትን ጊዜ እናስታውስ። አሜሪካ ውስጥ እስከ 1926 ድረስ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) አገር አቋራጮቹ መንገዶች የሚጠሩት በስም ነበር። ሊንከን ሃይዌይ፣ ዲክሲ ሃይዌይ፣ ሌላም ሌላም። ስም የሚያወጡት የግል ማኅበራት ናቸው። እያንዳንዱ ማኅበር የራሱን ቀለም ስልክ እንጨት ላይ ይቀባል። ሁለት ሦስት ስም ያላቸው መንገዶች በአንድ በኩል ሲያልፉ ቀለሙ እንጨቱ ላይ ይደረደራል። አንዳንዱ ማኅበር ደግሞ አጭሩን መንገድ ትቶ መዋጮ በከፈሉ ከተሞች በኩል ያዞራል። እንግዳው ሹፌር የቱን ይከተል? በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የቁጥሩ ሥርዓት ሲጸድቅ ነው ነገሩ መልክ የያዘው። እና ቁጥር የትም አያደርስም?

ባለተሳቢው፦
ካርታው ወንድሜ፣ ያልኩትን ብያለሁ። አላጥፈውም።

ሌሊት ነው እንበል። ዝናብ ነው። መገንጠያ ላይ ደረስኩ። ታፔላው «47» ቢለኝ ምን ይጠቅመኛል? 47 ወደ ሰሜንም 47 ነው፣ ወደ ደቡብም 47 ነው። የከተማ ስም ግን ያለው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ወደዚያ ከሄድኩ እደርሳለሁ፣ ወደዚህ ከሄድኩ እርቃለሁ። አርባ ቶን ጭነህ መቶ ኪሎሜትር በተሳሳተ አቅጣጫ ከሄድክ በኋላ ዞሮ መመለስ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

መሐንዲሷ፦
ባለተሳቢው፣ አቅጣጫ ላይ ያነሳኸው እውነት ነው። ለዚህ ነው በደንብ የተሠራ ታፔላ ቁጥሩንም፣ አቅጣጫውንም፣ የሚቀጥለውን ትልቅ ከተማም አንድ ላይ የሚጽፈው። ቁጥር ብቻውን ይቁም ያለ ሰው የለም።

ግን ወደ አንድ ከተማ የሚወስዱ አምስት መንገዶች ካሉስ? የከተማው ስም አምስቱም ላይ ይጻፋል። የትኛው ላይ እንዳለህ የሚነግርህ ቁጥሩ ነው። ቁጥሩ በሥርዓት ከወጣ ደግሞ ከዚያም በላይ ይናገራል። የአሜሪካኖቹን ኢንተርስቴት (ግዛት አቋራጭ ፈጣን መንገዶች) ውሰዱ። ጎዶሎ ቁጥር ሰሜን ደቡብ ይሄዳል፤ ሙሉ ቁጥር ምሥራቅ ምዕራብ። ጎዶሎው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ያድጋል፣ ሙሉው ከደቡብ ወደ ሰሜን። 5 በፓስፊክ ዳርቻ ከሜክሲኮ ድንበር እስከ ካናዳ ድንበር ነው። 95 በአትላንቲክ በኩል ከማያሚ እስከ ሜይን። 10 ደቡቡን፣ 90 ሰሜኑን ይዞ ከሲያትል ቦስተን ይገባል። አገሩን ረግጦ የማያውቅ ሰው 35 እና 80 የት እንደሚገናኙ ገምት ቢባል መሐል አገር፣ ወደ ሰሜን ጠጋ ብሎ ይላል። ልክ ነው፤ ደ ሞይን ከተማ ላይ ይገናኛሉ። ቁጥሩ ራሱ ካርታ ነው።

ካርታው፦
አዎ! ቁጥሩ ራሱ ካርታ ነው። ባለተሳቢው፣ ይህችን መልስልኝ።

መምህሩ፦
ልጆቼ፣ «ቁጥሩ ራሱ ካርታ ነው» የሚለው ላይ ቀስ በሉ። እዚያው አሜሪካ ውስጥ የ1926ቱ ቁጥሮች የሚያድጉት በተቃራኒው ነው። ቁጥር 1 የሚጀምረው ከአትላንቲክ በኩል ነው፤ ፓስፊክ ላይ ያለው 101 ነው። ኢንተርስቴቶቹ በ1950ዎቹ ሲመጡ ሆን ተብሎ ተገለበጡ፣ ተመሳሳይ ቁጥሮች አንድ አካባቢ እንዳይገናኙ። ኢንተርስቴት 50 የሚባል የሌለውም ለዚህ ነው። መሐሉ ላይ ከአሮጌው 50 ጋር ይጋጭ ነበር። ስለዚህ በአንድ አገር ውስጥ ሁለት ካርታ አለ፣ እርስ በርሱ የተገለበጠ።

ወደ ህንድ ስትሄዱ ደግሞ በ2010 ቁጥሮቹ ሁሉ እንደ አዲስ ወጥተዋል። እዚያ ሰሜን ደቡብ የሚሄደው ሙሉ ቁጥር ነው፤ ጎዶሎው ነው ምሥራቅ ምዕራብ። ብሔራዊ አውራ ጎዳና 44 ከሽሪናጋር ተነስቶ የአገሩ ዋና ምድር ደቡባዊ ጫፍ ካንያኩማሪ ድረስ ከ3,700 ኪሎሜትር በላይ ይወርዳል። የአሜሪካኑን ሕግ ይዞ እዚያ የሄደ ሰው 44 ሲል ወደ ምሥራቅ ይጠብቃል። ካርታ ካላችሁት ካርታውን ማንበብ የሚቻለው ሕጉን ለሚያውቅ ብቻ ነው።

ባለተሳቢው፦
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። የከተማ ስም ግን ሕግ አይፈልግም።

መሐንዲሷ፦
መምህር፣ ያሉት ትክክል ነው። ግን ይህ የሚያሳየው ሥርዓቶች እንደሚለያዩ ነው እንጂ ቁጥር እንደማይሠራ አይደለም። ፊደልም ከቋንቋ ቋንቋ ይለያያል። ታዲያ ማንበብ ይቅር እንላለን?

መንገደኛዋ፦
እኔ የማልወደው ሁላችሁም ቁጥርን እንደ ንጹሕ ነገር ስታዩት ነው። ቁጥር ክብር ነው። ሰው ተጣልቶበታል።

የ66ን ታሪክ ታውቃላችሁ። ከቺካጎ ሎስ አንጀለስ የሚሄደው መንገድ መጀመሪያ የታሰበለት 60 ነበር። በዜሮ የሚያልቁት ቁጥሮች ለታላላቆቹ አገር አቋራጮች የተቀመጡ ነበሩ። የኬንታኪ አገረ ገዥ ዊልያም ፊልድስ ግዛቴ እንዴት ከነዚህ አንዱን ታጣለች ብሎ ተነሳ። 62 ቢሰጠው እምቢ አለ። ብዙ ከተጨቃጨቁ በኋላ 60ን ኬንታኪ ወሰደች። የኦክላሆማው የመንገድ ኃላፊ ሳይረስ ኤቨሪ ደግሞ ማንም ያልፈለገውን 66 ይዞ ሄደ። ለሹፌር ተብሎ ነው እንዴ? ለክብር ነው።

ቁጥሩ ከየት ይነሳል የሚለው ነገርም አለ። ብሪታንያ ውስጥ ከኤ1 እስከ ኤ5 ያሉት ከለንደን እንደ ማራገቢያ ይዘረጋሉ። ኤ7 እና ኤ8 ከኤደንብራ ይነሳሉ። የፈረንሳይ አሮጌ ቁጥሮችም ታላላቆቹ ከፓሪስ ነው የሚወጡት። ከዋና ከተማው ርቀው ያሉ ሁለት ከተሞችን የሚያገናኝ መንገድ ብዙ ጊዜ ሦስት አራት አኃዝ ይደርሰዋል። እነዚያ ከተሞች እርስ በርስ ሲጠራሩ ስማቸው አይበቃም ነበር?

ካርታው፦
መንገደኛዋ፣ 66ን ራስሽ ካነሳሽው እሱን እንጨርስ። ያ ማንም ያልፈለገው ቁጥር በ1985 ከዝርዝሩ ተሰርዟል። ኢንተርስቴቶቹ ተክተውታል። ሰው ግን እስከ ዛሬ ፈልጎ ይሄድበታል። ተሰርዞም የሚያደርስ ቁጥር ነው! «የትም አያደርስም» የሚለው እዚህ ላይ አይወድቅም?

ባለተሳቢው፦
እኔ ደግሞ ከዚሁ የማየው ሌላ ነው። መንገዱ ላይ የነበሩ ትንንሽ ከተሞች ገበያቸው የሞተው መኪናው በሌላ በኩል ስላለፈ ነው። ቁጥሩ ቢሰቀልም ባይሰቀልም ሊያድናቸው አልቻለም። ሰው የሚወደው ከተሞቹን ነው፤ 66 የነሱ መጠሪያ ሆኖ ነው የቀረው።

መምህሩ፦
መንገዶቹ ቦታን መውለድ ይችላሉ። ሮማውያን ከሪሚኒ እስከ ፒያቼንዛ የዘረጉት ቪያ ኤሚሊያ አለ። ኤሚሊያ የሚባለው የጣሊያን ክፍል ስሙን ያገኘው ከመንገዱ ነው። መንገዱ ስሙን የወሰደው ደግሞ ካሠራው ቆንስል (የሮም ከፍተኛ ሹም) ነው። ቪያ አፒያም ስሙን ያገኘው ካስጀመረው ሰው ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 የተጀመረ ነው። ይህን ያህል ዘመን የዘለቀ የመንገድ ቁጥር አላውቅም።

መሐንዲሷ፦
ግን እነዚያው ጣሊያኖች ዛሬ ሁለቱንም ይዘዋል። አውሬሊያ 1 ናት፣ አፒያ 7፣ ኤሚሊያ 9። ስሙም አልሞተም፣ ቁጥሩም ሥራውን ይሠራል። ቻይናም እንደዚሁ። ቤጂንግ ሻንጋይ የፍጥነት መንገድ ጂ2 ነው፤ ከቁጥሩ ጋር ደግሞ ከሁለቱ ከተሞች ምህፃረ ስም የተሠራ ጂንግሁ የሚል ስም አለው። የሁለቱም ጫፍ ስም በአንድ ቃል! ባለተሳቢው፣ ይኸኛው ላይ እንኳ አንስማማም?

ባለተሳቢው፦
ጂንግሁ ላይ እስማማለሁ። ጂ2 ላይ አይደለም።

ካርታው፦
ወንድሜ፣ ከ«የትም» አትሽሽ። መኪናህ መሐል መንገድ ላይ ቆመ። ሰው ተጎድቷል። አምቡላንስ ጠራህ። ምን ትላለህ? «ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ኮረብታውን አልፎ» ነው የምትለው?

ባለተሳቢው፦
ይህ ደርሶብኛል። ረዳቴ እጁ ተሰብሮ ነበር። ስልክ ያነሳው ሰው ስንተኛ ኪሎሜትር ላይ ነህ አለኝ። የኪሎሜትር ድንጋዩ ወድቋል፤ ቁጥሩን ማንበብ አልቻልኩም። ሦስት ሰዓት ቆየን። እዚያ ላይ የጎደለው የመንገድ ቁጥር አልነበረም። ድንጋዩ ነው የጎደለው።

ካርታው፦
ስለ ረዳትህ አዝናለሁ። ከልቤ ነው። ግን ድንጋዩ ላይ የነበረው ምንድነው? ቁጥር አይደለም እንዴ?

ባለተሳቢው፦
የኪሎሜትር ቁጥር ርቀት ነው። ከአንድ ቦታ ተነስቶ ነው የሚቆጠረው። ቦታው ከሌለ ቁጥሩም የለም። እኔስ ያልኩት ይህንኑ አይደለም?

መሐንዲሷ፦
የየትኛው መንገድ ኪሎሜትር 112? መንገዱ ካልተለየ 112ኛ ኪሎሜትር ያለው መንገድ ብዙ ነው። ሁለቱ አብረው ነው የሚሠሩት። በሥራዬ በየቀኑ የማየው ነው። ድልድይ ሲሰነጠቅ፣ አስፋልት ሲሸረሸር ሪፖርት የሚደረገው በመንገድ ቁጥርና በኪሎሜትር ነው። ቁጥር የሌለው መንገድ ጥገናው ይዘገያል፤ ማንም በምን ስም እንደሚፈልገው አያውቅም።

መንገደኛዋ፦
ፈረንሳይ መንገዶቿን በቁጥር ምልክት እንድታደርግ የወተወተው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ? ጎማ ሻጩ ሚሼሊን። በ1912 ፊርማ አሰባስቦ ለመንግሥት አቀረበ። ሰው ብዙ ሲነዳ ጎማ ብዙ ይሸጣል።

ካርታው፦
የፈረሙት እኮ ሰዎች ናቸው! በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ። ጎማ ሻጩ ስለተጠቀመ ነጂው አልተጠቀመም ማለት አይደለም።

መንገደኛዋ፦
አልተጠቀመም አላልኩም። ማን እንደጀመረው ይታወቅ ነው ያልኩት። ደግሞ የሰጠው መንግሥት መልሶ ይነሳል። በ2006 ፈረንሳይ ብዙ ብሔራዊ መንገዶቿን ለየክፍለ ግዛቱ አስረከበች። ከፓሪስ ወደ ሜዲትራኒያን የሚወርደው ቁጥር 7 ከቦታ ቦታ ሌላ ሌላ ቁጥር ተሰጠው። መንገዱ ያው ነው። ከተሞቹም ያው ናቸው።

መምህሩ፦
ስዊድንና ኖርዌይ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደዋል። የአውሮፓ ቁጥሮች ሲቀየሩ ኢ4 ኢ55፣ ኢ6 ደግሞ ኢ47 መሆን ነበረባቸው። ታፔላውን ሁሉ መቀየር ውድ ነው ብለው አሮጌዎቹን ይዘው ቀሩ። እስከ ዛሬ ኢ4 ከሄልሲንቦሪ ተነስቶ በስቶክሆልም አድርጎ እስከ ፊንላንዷ ቶርኒዮ ይሄዳል። ሥርዓቱን አፍርሷል። ሰው ግን አልጠፋም።

ባለተሳቢው፦
መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ከቶኪዮ ተነስቶ ቱርክና ቡልጋሪያ ድንበር የሚደርስ የእስያ አውራ ጎዳና 1 የሚባል አለ አይደል? ከ20,000 ኪሎሜትር በላይ። ቶኪዮ ውስጥ ታፔላው ተሰቅሏል። በሁለቱ ኮሪያዎች መሐል ግን ማን ያሳልፈኛል? ድንበሩ ዝግ ነው። ቁጥሩ አለ፣ መንገዱ የለም። ካርታው፣ ይህችን መልስልኝ። እዚህ ላይ ቁጥሩ የት አደረሰ?

ካርታው፦
የዘጋው ቁጥሩ አይደለም። የዘጋው ፖለቲካ ነው። የከተማ ስም ብትጽፍበትም ፒዮንግያንግ አትገባም።

መምህሩ፦
እኔ ግን የባለተሳቢው ጥያቄ ከዚህ የጠለቀ ይመስለኛል። አንዳንድ ቁጥር ከመንገዱ ቀድሞ ይወለዳል። የአፍሪካ አህጉር አቋራጭ መንገዶች ዘጠኝ ናቸው። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ወረቀት ላይ ናቸው። ቁጥር 4 ከካይሮ ኬፕታውን ነው፤ በካርቱም፣ በጎንደር፣ በአዲስ አበባ አድርጎ በሞያሌ ኬንያ ይገባል። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው ክፍል ለአሥርት ዓመታት አቧራና ድንጋይ ነበር። አስፋልቱ የተዳረሰው ከ2010 ወዲህ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ቁጥሩ ጎደሎው የት እንዳለ ሲያሳይ ኖሯል። መንገድ አልነበረም፤ የጎደለው ግን በስሙ ይጠየቅ ነበር።

ባለተሳቢው፦
ያን አቧራ የበላነው እኛ ነን መምህር። ማናችንም ግን «ቁጥር 4 ላይ ነኝ» ብለን አናውቅም። «ወደ ሞያሌ ነኝ» ነው የምንለው።

ካርታው፦
እና መምህር የተናገሩትን አልሰማህም? ቁጥሩ ባይኖር ያንን ክፍል ማን ይቆጥረው ነበር?

ባለተሳቢው፦
ሰምቻለሁ። ያ ለሚሠሩት ነው። እኔ የምናገረው ስለሚነዱት ነው። ቁጥር የትም አያደርስም ያልኩትን አላነሳም።

መሐንዲሷ፦
የሚሠራው ካልቆጠረ የሚነዳው በምን ላይ ይነዳል? ነገ ከሥራ ስወጣ እመለስበታለሁ። የኪሎሜትር ድንጋዩን ነገር አልጨረስንም። ማን ነው መልሶ ማቆም የነበረበት? በየትኛው መንገድ ስም ተመዝግቦ?

መንገደኛዋ፦
የሚሼሊንንም አልጨረስንም።