የሌላውን ፓርቲ ደጋፊ ዘመድ እንዴት ነው የምትችሉት?

የሜሪላንዷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ2024ቱ ምርጫ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፣ የኔ ትዕግስት ግን ከአሁኑ አልቋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ዲሞክራት ነኝ፣ ሐሪስን ነው የምመርጠው፣ አልደብቅም። የሚያበግኑኝ ፖለቲከኞቹ አይደሉም፣ እነሱ እንጀራቸው ነው። የራሳችን ሰዎች ናቸው።

የእህቴ ባል ቨርጂኒያ ነው ያለው። የሴፕቴምበር 10ን ክርክር እነሱ ቤት አብረን አየን። ትራምፕ ኦሃዮ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ ስደተኞች የሰው ውሻና ድመት እየበሉ ነው ሲል እኔ ክው አልኩ፣ እሱ ከት ብሎ ሳቀ። «ስለ ሄይቲዎች ነው፣ ስለ እኛ መች አወራ?» አለኝ። የከተማው ባለሥልጣናት ማስረጃ የለም ብለዋል። ከዚያ ወዲያ እዚያ ከተማ ትምህርት ቤቶች በቦምብ ማስፈራሪያ ተዘግተዋል። ይህን ሁሉ ላኩለት። «ሚዲያው ውሸታም ነው» ብሎ በአንድ መስመር ዘጋኝ።

ሰውዬው በዲቪ የመጣ ነው እኮ! ያችኑ ዲቪ ኮንግረስ እንዲያስቀራት ትራምፕ በ2017 ጠይቆ ነበር። ደግሞ እዚህ ቨርጂኒያም ሐበሻ የሞላበት ስፕሪንግፊልድ አለን፣ ነገ ስለ እኛ ቢባልስ ይስቃል?

ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ እንዲህ ካለ ሰው ጋር እንዴት ነው የምትኗኗሩት? ትከራከራላችሁ፣ ዝም ትላላችሁ፣ ወይስ እስከ ኖቬምበር 5 ስልክ አታነሱም?

የአሌክሳንድሪያው፦
እህቴ፣ የእህትሽ ባል አይደለሁም፣ ግን ልሆን እችል ነበር። ትራምፕን መርጫለሁ። ቨርጂኒያ ቀድሞ መምረጥ ከሴፕቴምበር 20 ጀምሮ ስለተከፈተ ሄጄ ገላገልኩት።

የድመቱ ወሬ አሳፋሪ ነው። አሳፋሪ ነው ስልሽ ግን ድምፄን እቀይራለሁ ማለቴ አይደለም። እኔ የማየው የአስቤዛ ደረሰኝ ነው። በጁን 2022 የዋጋ ንረቱ 9.1 በመቶ ደርሶ ነበር። አሁን ቀንሷል ይሉኛል፣ የቀነሰው ጭማሪው ነው እንጂ ዋጋው የት ተመለሰ? ቤት ልግዛ ብል የሞርጌጅ ወለዱ አያስጠጋም። ስለ ውርጃ ያለኝ አቋም ከእናንተ ፓርቲ ጋር አብሮ አይሄድም። ባለቤቴን በሕጋዊ መንገድ ለማምጣት ወረፋ ጠብቄ፣ ወረቀት ሞልቼ፣ ጠበቃ ከፍዬ ያለፍኩ ሰው ደግሞ ድንበሩ ላይ የሚሆነውን ሳይ ይከነክነኛል። ላይጥምሽ ይችላል። ምክንያት አይደለም ግን አትበይኝ።

እኔን የሚያበግነኝ ምን እንደሆነ ልንገርሽ? ከ«ተሳስተሃል» አትጀምሩም፣ ከ«ደንቆሮ ነህ» ነው የምትጀምሩት። ሂላሪ ክሊንተን በ2016 የትራምፕን ደጋፊዎች ግማሹን የማይረቡ ብላ ስትመድባቸው ምን ሆነ? ሰዎቹ ስድቡን ቲሸርት ላይ አትመው ለበሱት።

2021ንም አትርሺ። ባይደን በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ባወጣው ማዕቀብ ተናደን ቨርጂኒያ ውስጥ ለአገረ ገዥነት ለሚወዳደረው ለሪፐብሊካኑ ያንግኪን ስንቀሰቅስ ሪፐብሊካንን መምረጥ ነውር አልነበረም። ዛሬ የሚሰድቡኝ ሰዎች ያኔ ሰልፍ ላይ አጠገቤ ነበሩ።

አንባቢ ነኝ፦
2021 ከተነሳ ዝም ማለት አልችልም። መጀመሪያ ነገር «እኛ» ስትል ሁላችንንም አይደለም፣ በጦርነቱ ጉዳይ ማኅበረሰቡ ራሱ ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር፣ ማዕቀቡን የደገፈም ነበር። ሁለተኛ፣ የያንግኪን ተፎካካሪ ዲሞክራቱ ማካሊፍ ለአገረ ገዥነት ነበር የሚወዳደረው። አገረ ገዥ ማዕቀብ አይጥልም፣ አያነሳም። ያንግኪን ከ63 ሺህ በሚበልጥ ድምፅ አሸነፈ፣ ወዲያው «እኛ ነን የጣልነው» ተብሎ ተፎከረ። ማካሊፍን የጎዳው ይበልጡን ሌላ ነገር ይመስለኛል። ወላጆች ትምህርት ቤትን ይህን አስተምሩ ማለት የለባቸውም የሚል ነገር ክርክር ላይ አመለጠው፣ ተቃዋሚዎቹም እስከ መጨረሻው ቀን ያንኑ በማስታወቂያ ሲያሰሙ ከረሙ።

አጎዋን፣ ማለትም ዕቃችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበትን ዕድል፣ ያየ ደግሞ ቅስቀሳው ምን እንዳመጣ ያውቃል። ባይደን ኢትዮጵያን ከአጎዋ እንደሚያስወጣ ያሳወቀው ኖቬምበር 2 ቀን 2021፣ እዚያው የምርጫው ዕለት ነው! ጃንዋሪ 1 ላይ ወጣን።

ሦስተኛውን ደግሞ አንተ ራስህ ታውቀዋለህ። በኦክቶበር 2020 ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች ያለው ማን ነበር? በዚያው ዓመት በግድቡ ምክንያት እርዳታ ያስያዘውስ የማን መንግሥት ነው? ለአገሬ ብዬ ነው የምትለው ነገር በየትኛውም ፓርቲ በኩል አያስኬድም።

የአሌክሳንድሪያው፦
የግድቡ ንግግር ያኔም አልጣመኝም፣ አሁንም አይጥመኝም። ግን እሱ ትራምፕ በስልክ እያወራ የተናገረው ነው፣ ማዕቀቡ ግን ተፈርሞ የወጣ ወረቀት ነው። ልዩነት አለው።

የሜሪላንዷ፦
ምክንያቶችህን አነበብኩ፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ አልከራከርህም፣ እኔም እዚያው ሱቅ ነው የምገዛው። የእህቴ ባል ግን ስለ ሞርጌጅ አላወራኝም። ሳቀ። በሌላ ጥቁር ስደተኛ ነው የሳቀው። እሱን ነው የማልችለው።

የአሌክሳንድሪያው፦
እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሜሪላንድ ነሽ፣ ሪፐብሊካኑን ሆጋንን መርጠሽ አታውቂም?

የሜሪላንዷ፦
በ2018 ለአገረ ገዥነት መርጬዋለሁ፣ ጥሩ ሠርቷል። ዘንድሮ ለሴኔት ግን አልመርጠውም። ሰውዬውን ጠልቼው አይደለም። በአንድ ወንበር ሴኔቱ ሊገለበጥ ይችላል፣ ከዚያ ዳኞቹን የሚያጸድቀው የእናንተ ፓርቲ ነው። ስለዚህ ዲሞክራቷን ኦልሶብሩክስን ነው የምመርጠው።

የአሌክሳንድሪያው፦
አየሽ? እኔም በትራምፕ እንዲሁ ነው የማስበው። ሰውዬውን ሳይሆን የሚሾማቸውን።

የፌርፋክስ ምርጫ አስፈጻሚ፦
እኔ የምርጫ ቀን ጣቢያ ውስጥ የምሠራ ሴት ነኝ። በአሜሪካ ሰዓት ከጠዋቱ 6 እስከ ምሽቱ 7 ነው ክፍት የሚሆነው፣ እኛ ግን ከዚያ ቀድመን ገብተን ዘግይተን ነው የምንወጣው። በቨርጂኒያ ሕግ እያንዳንዱ ጣቢያ በተቻለ መጠን የሁለቱንም ፓርቲ ሰው መያዝ አለበት። አጠገቤ የምትቀመጠው ፈረንጅ ሪፐብሊካን ናት። ፖለቲካ አናወራም፣ አይፈቀድምም። ስለ ልጆቻችን፣ ስለ ጉልበት ሕመማችን እናወራለን። ማታ ቁጥሩን አመሳክረን፣ ውጤቱ ላይ ሁላችንም ፈርመን እንወጣለን።

ስለዚህ የኔ ብስጭት ከእናንተ ይለያል። ስለ ታክስ፣ ስለ ውርጃ፣ ስለ ድንበር የፈለጋችሁትን አስቡ። «ምርጫው ተሰረቀ» ስትሉኝ ግን ሌባ እያላችሁ ያላችሁት እኔን ነው! እኔንና ያቺን ሴትዮ። ጆርጂያ በ2020 ልዩነቱ 11,779 ድምፅ ነበር። የፕሬዝዳንቱን ድምፅ እንደገና በእጅ ቆጠሩት፣ ባይደን ነው ያሸነፈው። ምርጫውን የሚመራው የስቴቱ ሴክሬታሪ ራፈንስፐርገር ራሱ ሪፐብሊካን ነው። ፍርድ ቤት የሄዱት ክሶች በላይ በላይ ውድቅ ሆኑ፣ አንዳንዶቹን የጣሏቸው ትራምፕ ራሱ የሾማቸው ዳኞች ናቸው። ከዚህ በላይ ምን ይደረግ?

ወንድሜ የአሌክሳንድሪያው፣ በቀጥታ መልስልኝ። 2020ን ማን አሸነፈ?

የአሌክሳንድሪያው፦
ባይደን ፕሬዝዳንት ሆኗል።

የፌርፋክስ ምርጫ አስፈጻሚ፦
እሱን አልጠየቅኩህም።

ቬጋስ ታክሲ፦
ሃሃ፣ ይሄ ነገር እስከ ገና አያልቅም።

ቆይ ግን፣ ሁላችሁም ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ቁጭ ብላችሁ ነው የምትጣሉት። ሜሪላንድ ለፕሬዝዳንትነት ሪፐብሊካን የመረጠችው ለመጨረሻ ጊዜ በ1988 ነው፣ ቨርጂኒያ በ2004። ዘመድ ብትጣሉም ባትጣሉም እዚያ ብዙ ነገር አይቀየርም። ወደ እኛ ኑና እዩ። ኔቫዳ 6 የኤሌክቶራል ድምፅ ብቻ ነው ያላት፣ ግን ከሰባቱ ወሳኝ ስቴቶች አንዷ ናት፣ አበሳችንን ነው የምናየው። ቲቪ ስትከፍት ስድብ፣ ዩቲዩብ ስትከፍት ስድብ፣ የፖስታ ሳጥኑ በወረቀት ተጨናንቋል፣ እሁድ ጠዋት ሳይቀር በር ይንኳኳል።

እኔ ታክሲ ነው የምነዳው፣ ባለቤቴ ካዚኖ ትሠራለች፣ ስለዚህ ቤታችን የሚኖረው በቲፕ ነው። ትራምፕ በጁን እዚህ ቬጋስ መጥቶ ከቲፕ ላይ ታክስ አነሳለሁ አለ። በኦገስት ሐሪስ እዚሁ መጥታ ያንኑ ደገመችው። የሁለቱም ቃል አንድ ዓይነት ነው፣ በዚህ እንኳ ሰው ይስማማል አይደል? የባለቤቴ የሥራ ባልደረቦች በዚሁ ጉዳይ ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸውም። አንዷ «የኛ ሰውዬ ነው ቀድሞ ያለው፣ እሷ ሰርቃ ነው» ትላለች፣ ሌላዋ «የናንተ ሰውዬ አራት ዓመት ሥልጣን ላይ ሆኖ ለምን አላደረገውም» ትላለች። የሠራተኞቹ ማኅበር፣ ዩኒየኑ፣ ሐሪስን ደግፏል፣ አባላቱ ግን እንደየፊናቸው ናቸው። ከቡናና ከጊዮርጊስ ደጋፊ በምን ይለያል? የጊዮርጊስ ደጋፊ ቡና ቆንጆ ጎል ሲያገባ አጨብጭቦ ያውቃል?

የሜሪላንዷ፣ ላንቺ መልሴ፦ አትከራከሪው፣ ስልክም አትዝጊበት። ድመቱን ካነሳ ግን ተነስተሽ ሂጂ፣ እሱ ፖለቲካ ሳይሆን ብልግና ነው። እህትሽን ደግሞ ሌላ ቀን ለብቻዋ አግኚያት።

አንባቢ ነኝ፦
ቬጋስ፣ እዚያ ደግሞ ፕራይመሪውን፣ የፓርቲዎቹን የዕጩ መምረጫ፣ የሚቀይር ነገር ለድምፅ ቀርቧል ሲባል ሰማሁ፣ እውነት ነው?

ቬጋስ ታክሲ፦
አዎ፣ ጥያቄ ቁጥር 3 ይባላል። ዕጩዎቹ በሙሉ አንድ ፕራይመሪ ውስጥ ይገቡና አምስት ያልፋሉ፣ ከዚያ በኖቬምበር መራጩ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ደረጃ ይሰጣቸዋል። ለፕሬዝዳንት ግን አይሠራም። በ2022 አንዴ አልፏል፣ ሕገ መንግሥት የሚያሻሽል ስለሆነ ዘንድሮ ሁለተኛ ማለፍ አለበት። እኔ ፓርቲ የለኝም ብዬ ስለተመዘገብኩ በፓርቲዎቹ ፕራይመሪ መምረጥ አይፈቀድልኝም፣ ይሄ ካለፈ ይፈቀድልኛል። ደስ የሚለው ነገር ምን መሰለህ፣ ዲሞክራቱም ሪፐብሊካኑም አንድ ላይ ሆነው ነው የሚቃወሙት። ዓመቱን ሙሉ ሲሰዳደቡ ከርመው እዚህች ላይ ተስማሙ!

የአሌክሳንድሪያው፦
እና ለፕሬዝዳንት ማንን መረጥክ?

ቬጋስ ታክሲ፦
እዚህ ኔቫዳ ወረቀቱ ላይ «ከእነዚህ ማንንም አልመርጥም» የሚል አማራጭ እንዳለ ታውቃለህ?

የአሌክሳንድሪያው፦
እሱን መረጥክ?!

ቬጋስ ታክሲ፦
እንዳለ ታውቃለህ ወይ ነው ያልኩህ።

የፌርፋክስ ምርጫ አስፈጻሚ፦
ተወው፣ ድምፅ ሚስጥር ነው።