«ጊዜ ይፈታዋል» ለሚሉን፦ ስንት ጊዜ?

የጠባሴ ልጅ፦
ባለፈው እሑድ ደብረ ብርሃን ውስጥ ስለ አድዋ በተደረገው ውይይት ላይ አንድ ተናጋሪ «ዘረኝነት የነጭ በሽታ ነው፤ አባቶቻችን አድዋ ላይ ቀብረውታል። እኛ ዘንድ ያለው ትንሽ ልማድ ነው፤ እርሱንም ጊዜ ይፈታዋል» ብለው ተናገሩ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኔ ግን ደሜ ፈላ። አድዋን ማንም አያስተምረኝም፤ ቅድመ አያቴ ዘምተውበታል። ነገር ግን ካጨበጨብነው መካከል ወንድሙ የሸክላ ሠሪ ልጅ ቢያጭ ዝም የሚል ስንት ሰው አለ? ከጋምቤላ የመጣ ተማሪ በመንገድ ሲያልፍ ልጆቻችን በምን ስም እንደሚጠሩት ሰምቶ የሚቆጣስ ስንት ነው? በዚህ ዘመን ዘረኝነት ለምን አልጠፋም ብለን የምንጠይቅ ከሆነ ከራሳችን ደጅ እንጀምር።

ዘመንዝ፦
እህቴ፣ አድዋን ለዚህ ነገር መጥሪያ አታድርጊው። ዘረኝነት ምን እንደሆነ የምናውቀው በአካላችን ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1929 ዓ.ም. ነጭና ሐበሻ እንደ ባልና ሚስት አብረው እንዳይኖሩ በሕግ ከለከለ። በዚያው ዓመት የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ፈጀ። በ1931 ዓ.ም. ደግሞ በእኛው አገር፣ አመፀኛ ዋሻ የተጠለለውን ሽማግሌ፣ ሴትና ሕፃን በመርዝ ጋዝ ጨረሰ። ይህን ከሰፈር ሐሜት ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ሰማዕታቱን መድፈር ነው። እኛ ለጥቁርና ለነጭ የተለያየ ወንበር አላቆምንም። ልማድ መኖሩን አልክድም፤ ግን እየቀረ ነው። ተናጋሪው ትክክል ናቸው፤ ጊዜ ይፈታዋል።

መምህር ዘእነዋሪ፦
ጊዜ ይፈታዋል የሚለውን እስቲ እንመርምረው። አፄ ምኒልክ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ፋቂውን በሥራው የሚሳደብ እንዲቀጣ ያዘዙበትን አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነው። የሰው ሁሉ አባትና እናት አዳምና ሔዋን ናቸው ብለው በአደባባይ አስነግረዋል። እንግዲህ ቁጠሩ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። አዋጁ በወጣበት ዘመን የተወለደው ሰው አርጅቶ ሞቷል፣ ልጁ አርጅቷል፣ የልጅ ልጁም ዛሬ ልጁን ሲድር ስለ አጥንት ይጠይቃል። ወንድሜ ዘመንዝ፣ የቀረው ጊዜ ስንት እንደሆነ ንገረንና እንጠብቅ።

ዘመንዝ፦
መምህር፣ እርስዎ ራስዎ መሰከሩልኝ። ንጉሡ ከመቶ ዓመት በፊት በአዋጅ ከልክለዋል። የፈረንጅ መንግሥት በዚያ ዘመን ጥቁርን የሚለይ ሕግ ሲያወጣ የእኛ ንጉሥ ተሳዳቢውን ሊቀጣ አወጀ። ልዩነቱ ይህ ነው።

አንኮበሬ፦
ንጉሡ ያወጁት እኮ ስድቡ ስለበዛ ነው። የማይፈጸም ነገር በአዋጅ አይከለከልም።

ደግሞ ዘመንዝ ሆይ፣ ታሪክ የምንጠራ ከሆነ ሙሉውን እንጥራው። የተወለድኩት ከአንኮበር በታች ነው። አልዩ አምባ ዛሬ ጸጥ ያለች ከተማ ናት፤ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ግን ጨውና ቡና ሲነገድባት ሰውም አብሮ እየተሸጠ ወደ ባሕሩ ይወርድ ነበር። በአንኮበር ቤተ መንግሥት ውኃ የሚቀዳውና እህል የሚፈጨው ባሪያ ነበር። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የተጠየቀችው ዋናው ጉዳይ ይኸው የባሪያ ነገር ነው። ባርነት ጨርሶ በሕግ የተሻረው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። አያቴ በዚያን ጊዜ ሰው ነበሩ፣ ያስታውሳሉ። «ማንንም አልለየንም» ብሎ መናገር እንዴት ይቻላል? የጋምቤላው ልጅ በመንገድ የሚጠራበት ስም ከዚያው ገበያ የመጣ ነው።

ዘመንዝ፦
ባሪያ ንግድ ያልነበረበት የዓለም ክፍል አሳየኝ። ዓረቡም፣ ቱርኩም፣ እንግሊዙም ነግዷል። እኛን ብቻ ለይቶ መውቀስ ምን ይባላል? ደግሞም ዛሬ ማንም ሰው ባሪያ የለውም።

አንኮበሬ፦
ዛሬ ባሪያ የለህም፤ ስሙ ግን በአፍህ ላይ አለ። ሌሎችም ነግደዋል ማለት የእኛን አያጥበውም።

የሸዋ ሮቢቱ፦
እኔ አንድ ያየሁትን ልናገር። በግንቦት 2015 ዓ.ም. የሪያል ማድሪዱ ቪኒሲየስ ቫሌንሲያ ሜዳ ላይ በጥቁርነቱ ሲሰደብ ጨዋታውን በትልቅ ስክሪን በሚያሳይ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ቤቱ በሙሉ ተነሣ፤ ስፔንን ያልረገመ የለም፤ አንዱ ወንበር ሰበረ። በዓመቱ ሰኔ ላይ ሦስቱ ተሳዳቢዎች የስምንት ወር እስራት ሲፈረድባቸው እዚያው ቤት ጭብጨባ ሆነ። በዚያው ሳምንት አንድ ጠቆር ያለ የአገራችን ተጫዋች ኳስ ሲስት ግን ያ ሁሉ የተቆጣ ወጣት የጮኸውን ስድብ እዚህ መጻፍ አልችልም። አንድ ሰው ብቻ «ተው» አለ፤ እርሱንም ሳቁበት። ስፔን ውስጥ ቢያንስ ፍርድ ቤት ቆሟል። እኛ ዘንድ የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ፤ ለዚህ ዓይነቱ ስድብ ማን ሲጠየቅ አይታችኋል?

ጣርማ በር፦
ይቅርታ አድርጉልኝና ይህ ውይይት ያሳዝነኛል። ደብረ ብርሃን ውስጥ በማንነቱ ምክንያት ከቀዬው የተፈናቀለ ወገን ሸራ ሥር ተቀምጦ፣ አጣዬ ተቃጥላ ያየን ሰዎች፣ ዛሬ ስለ ሸክላና ስለ ኳስ እንጨቃጨቃለን? የዘመኑ ዘረኝነት እርሱ ነው። እርሱን ትታችሁ እርስ በርስ ትወቃቀሳላችሁ።

የጠባሴ ልጅ፦
ጣርማ በር፣ ወንድሜ፣ በየሳምንቱ ወደዚያ መጠለያ የምሄድ ሰው ነኝ። ሰው በተወለደበት ብቻ ሲሳደድ ምን እንደሚመስል እዚያ አይቻለሁ። ስለዚህ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ። በእኛ ላይ ሲደርስ ወንጀል፣ እኛ ስናደርገው ልማድ የሚሆንበት መንገድ የለም።

ጣርማ በር፦
ቤት ማቃጠልና የሸክላ ሠሪ ልጅ አለማግባት አንድ ናቸው እያልሽ ነው?

የጠባሴ ልጅ፦
አላልኩም። አንድ ናቸው ያለ ሰው እዚህ የለም።

መምህር ዘእነዋሪ፦
ወደ ጥያቄው እንመለስ፤ ለምን አይጠፋም? የእኔ መልስ አጭር ነው፤ የሚጠቀምበት ሰው ስላለ ነው። አሜሪካን ተመልከቱ። በ1930ዎቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የከተሞቹ ካርታ ሲዘጋጅ የጥቁሮች ሰፈር በቀይ ቀለም ተቀለመ፤ ባንኮቹም ለቀዩ ሰፈር የቤት ብድር ነፈጉ። ይህን የሚከለክለው ሕግ የወጣው በ1968 ነው። በዚያ መካከል ነጩ ቤት ገዝቶ ለልጁ አወረሰ፤ ጥቁሩ ኪራይ እየከፈለ አረጀ። ሕጉ ቢሻርም ውርሱ አልተሻረም። በደቡብ አፍሪካም የ1913ቱ የመሬት ሕግ ለብዙኃኑ ጥቁር ሕዝብ የተወው ከመሬቱ ከመቶ ሰባት ያህሉን ነው። አፓርታይድ በ1994 ወደቀ፤ የመሬቱ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ጊዜ ብቻውን የፈታው የቱን ነው?

ዘመንዝ፦
መምህር፣ አሜሪካና ደቡብ አፍሪካ ይቆዩልን። እዚህ ማን ተጠቀመ? የሸክላ ሠሪ ልጅ ባለማግባቱ ሀብታም የሆነ የመንዝ ገበሬ አሳዩኝ። እኛ ሁላችንም ድሃ ነን። ስለዚህ የእርስዎ የጥቅም ነገር ለእኛ አይሠራም።

አንኮበሬ፦
ርስት ረሳህ? ከየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ በፊት ርስት የሚቆጠረው በአጥንት ነበር። ቀጥቃጩ ማረሻህን ይሠራል፣ የሚያርሰው መሬት ግን የለውም፤ በሰው መሬት ጥግ ላይ በፈቃድ ይቀመጣል። «ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል» የተባለ ሰው ርስት ልካፈል ብሎ ዳኛ ፊት ይቆማል? ቢቆምስ ማን ይመሰክርለታል? ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። በ1967 መሬቱ ተከፋፈለ፤ ስሙ ግን አልተከፋፈለም፣ እንዳለ ቀረ።

ዘመንዝ፦
እንግዲያው መሬቱ ከተከፋፈለ ጥቅሙም ቀርቷል ማለት ነው። ታዲያ ልማዱ ለምን ቀረ? የመምህሩ ክርክር እዚህ ላይ ወደቀ።

የምጣድ ሠሪዋ ልጅ፦
እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ስለ እኔ ቤት እየተነጋገራችሁ ስለሆነ ልግባ።

እናቴ ምጣድ ሠሪ ናት። ጭቃውን ታመጣለች፣ አሮጌ ገል ወቅጣ ትቀላቅልበታለች፣ ታቦካለች፣ በእጅዋ ታበጃለች፣ በድንጋይ ታለሰልሳለች፣ ታደርቃለች፣ ታቃጥላለች። በፋሲካ ዋዜማ ምጣዳቸው የተሰነጠቀባቸው ሴቶች እየሮጡ ይመጣሉ። ምጣዱን በጣታቸው አንጓ መታ መታ ያደርጉና ድምፁን ያዳምጣሉ፤ ጠርቶ ከጮኸ ይገዙታል። ቤታቸው ወስደው በጎመን ዘር ያሟሹታል፣ የበዓሉን እንጀራ ይጋግሩበታል። እናቴ ግን ቡና አፍልታ «ግቡና አንድ ስኒ ጠጡ» ስትላቸው ሁልጊዜ አንድ መልስ ነው ያላቸው፤ «ጠጥቼ ነው የመጣሁት»። ጧትም ቢሆን፣ ማታም ቢሆን፣ ጠጥተው ነው የሚመጡት። ማንም አልሰደባትም። በጨዋ ቋንቋ፣ በፈገግታ፣ ልጆቻቸውን በነጠላ ሸፍነው ከደጅ ይመለሳሉ።

እኔ ተምሬ ዛሬ ባንክ ውስጥ እሠራለሁ። የወደድኩት ሰው ሽማግሌ ላከ፤ ቀን ተቆረጠ። ከዚያ የእርሱ አክስት መንደራችን ድረስ ሄደው አጥንት ጠይቀው ተመለሱ። ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ አልመጡም። እርሱ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው ነው። «እኔ አላምንበትም፤ እናቴ ግን ትሞትብኛለች» አለኝ።

ስለዚህ ዘመንዝ፣ ለምን ቀረ ላልከው ልመልስልህ። መምህር እንዳሉት ጥቅም አለበት፤ ግን ጥቅሙ መሬት ብቻ አይደለም። ምንም የሌለው ሰው እንኳ ከእርሱ በታች የሚያደርገው አንድ ቤት አለው፤ ያ ቤት የእኛ ነው። አንተ ሁላችንም ድሃ ነን ስትል እናቴን ከድሆቹ መካከል አልቆጠርካትም።

መምህር ዘእነዋሪ፦
ልጄ፣ ያልሽው ልክ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ጋብቻ የሚጸናው በሁለቱ ተጋቢዎች ነፃ ፈቃድ እንደሆነ ተጽፏል። ይህን በየክፍሉ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ በፈተና በትክክል ይመልሱታል። ስለዚህ ትምህርት ብቻውን ይፈታዋል ከሚሉት ወገን አይደለሁም።

የሸዋ ሮቢቱ፦
መምህር፣ እኔ ግን ከጥቅሙ ይልቅ ፍርሃቱ ይከብዳል ባይ ነኝ። ልጅ ሲታመም «ማን አየው?» የሚባልበት ቤት ውስጥ ነው ያደግነው። ያንን ከጡት ጋር የጠባ ሰው ጥቅሙን አስልቶ አይደለም የሚሸሸው።

አንኮበሬ፦
ፍርሃቱንስ ማን አመጣው? ርስት የሌለውን ሰው እንድንፈራው ያስተማረን ባለ ርስቱ ነው።

የሸዋ ሮቢቱ፦
ይህን በምን ታረጋግጣለህ? ዓይን መፍራት ርስት በሌለበት አገርም፣ በአዲስ አበባ ፎቅ ላይም አለ።

ዘመንዝ፦
እህቴ የምጣድ ሠሪዋ ልጅ፣ የደረሰብሽ ነገር ልብ ይነካል፤ ሰውዬው ወንድነት ጎድሎታል። ነገር ግን ቤተሰብ ለልጁ የሚበጀውን መምረጥ የትም አገር ያለ ነገር ነው። መንግሥት በአዋጅ አያጋባም፣ ቡናም በአዋጅ አያስጠጣም። ለዚህ ነው ጊዜ ይፈታዋል ያልኩት። ልጆችሽ ይህን አያዩም።

የምጣድ ሠሪዋ ልጅ፦
እናቴም ስለ እኔ ያለችው ይህንኑ ነው። አያቴም ስለ እናቴ ብላ ይሆናል። አዋጅ አልጠየቅሁህም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ፤ የአንተ ወንድም ሽማግሌ ቢልክብኝ አብረህ ትመጣለህ?

ዘመንዝ፦
ይህ የግል ጥያቄ ነው፤ ክርክሩ ስለ አድዋ ነበር።

አንኮበሬ፦
አድዋ የዘመተው ጦርና ጎራዴ በማን እጅ ተቀጠቀጠ? የስንቁ እንጀራ በማን ምጣድ ተጋገረ? ክርክሩ ስለ አድዋ ከሆነ መልስ።

ዘመንዝ፦
ጠይቡ የአድዋ ባለውለታ አይደለም ያለ የለም። ያላልኩትን ቃል በአፌ ታስገባላችሁ።

ጣርማ በር፦
አሁንም እላለሁ፤ ጠላት በር ላይ ቆሞ ስለ ጋብቻ የሚከራከር ሕዝብ አይቼ አላውቅም።

የጠባሴ ልጅ፦
በሚቀጥለው ወር ሌላ ውይይት አለ ተብሏል። ለአዘጋጆቹ ደብዳቤ ጽፌአለሁ፤ ስለ አድዋ የሚናገረው አንዱ ሰው ከእደ ጥበበኞቹ ወገን እንዲሆን ጠይቄአለሁ። መምህር፣ እርስዎም ቢፈርሙበት ጥሩ ነው።

መምህር ዘእነዋሪ፦
እፈርማለሁ።

ዘመንዝ፦
አድዋ የሁሉም ስለሆነ ለወገን ወገን ተናጋሪ መመደብ ራሱ መከፋፈል ነው። በዚህ አልስማማም፤ ለአዘጋጆቹ ተቃውሞዬን እጽፋለሁ።

የምጣድ ሠሪዋ ልጅ፦
ጻፍ። ጥያቄዬን ግን አልመለስክም።