«እርስ በርሳቸው ብቸኛ» ምን ማለት ነው?

ሰሌዳ፦ አንድ የሒሳብ ጽሑፍ «65,537 እና 4,294,967,297 እርስ በርሳቸው ብቸኛ ናቸው» ይላል። ሁለተኛው እኮ ለ641 ያለ ቀሪ ይካፈላል። እንዴት ብቸኛ ተባለ? «እርስ በርስ» እና «ብቸኛ»ስ እንዴት ተስማሙ?

ዘጉባኤ፦ «ብቻ» የግእዙ «ባሕቲት» ልጅ ነው፤ «ባሕታዊ»ም ከዚያው ይወጣል። ብቸኛ ቁጥር ማለት ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የማይደርስበት ባሕታዊ ነው።

ቀንዱ፦ ከ1 የባሰ ባሕታዊ ማን አለ? እሱን ግን ብቸኛ አንለውም።

አምድ፦ 1 ብቸኛ ከተባለ የ4,294,967,297 ብትን (ወደ ብቸኛ አካፋዮቹ ሲተነተን)፣ ማለትም 641 × 6,700,417፣ አንድና አንድ መሆኑ ይቀራል፤ ፊቱ ላይ 1 × 1 × እያሉ መደርደር ነዋ። ወደ ጥያቄው፦ ቅጽሉ የጥንዱ እንጂ የእያንዳንዱ አይደለም፤ ትልቁ የጋራ አካፋያቸው 1 ነው ለማለት ነው። 65,537 × 65,535 + 2 = 4,294,967,297። ሁለቱን የሚያካፍል ካለ ቀሪዋን 2ንም ማካፈል አለበት፤ ሁለቱም ጎዶሎ ስለሆኑ 2 አይሆንም። ባሕረ ሐሳብ የተማረ 19ን እና 28ን ያስብ፤ 28 ብቸኛ አይደለም፣ ከ19 ጋር ግን አይጋራም። ዐቢይ ቀመር (ሁለቱ ዑደቶች አብረው የሚመለሱበት የዓመት ብዛት) 19 × 28 = 532 የሆነው ለዚህ ነው።

ዘጉባኤ፦ እንግዲያው ቃሉ ስሕተት ነው። «ሱታፌ» (መጋራት) የላቸውምና «ኢሱቱፋን» (የማይጋሩ) ይባሉ።

ቀንዱ፦ የኔታ፣ ይህን የሰማ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ሒሳብ ይተዋል።

ማኅቶት፦ 641 ከየት መጣ ለምትሉ፦ ትልቁ ቁጥር፣ 4,294,967,297፣ 2 በ32 ተነሥቶ 1 ሲደመርበት ነው። የሒሳብ ሊቁ ፌርማ ብቸኛ መስሎት ነበር፤ ሌላው ሊቅ ኦይለር በ1732 እ.ኤ.አ. በተነው። በ3፣ በ7፣ በ11 እየሞከራችሁ አትድከሙ፤ አካፋዩ የ64 ብዜት ሲደመር 1 መሆን አለበት። ብቸኞቹን ብቻ ስትወስዱ 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641፤ አምስተኛው ላይ ያዛችሁት።

ዘጉባኤ፦ ትልቁ ቁጥር በግእዝ አኃዝ (፻ መቶ፣ ፼ እልፍ ማለትም 10,000 ነው) እነሆ፦ ፵፪፼፼፺፬፻፺፮፼፸፪፻፺፯።

ቀንዱ፦ አንዱ ፼ ትርፍ ነው። ፵፪፼፺፬፻፺፮፼፸፪፻፺፯ ይበቃል፤ የኋለኛው ፼ ከፊቱ ያለውን ሁሉ ያበዛል።

ዘጉባኤ፦ ያንተን አጻጻፍ ያየ 42 እልፍን ከ9,496 እልፍ ጋር ደምሮ 95,387,297 ያነብባል። አራት ቢሊዮኑ የት ገባ?

ቀንዱ፦ በድምር ታላቁ ይቀድማል፤ 42 እልፍ ከ9,496 እልፍ ቀድሞ ከተጻፈ ለማባዛት እንጂ ለመደመር አይደለም።

ዘጉባኤ፦ ይህን ሕግ ከየትኛው ጉባኤ ቤት አመጣኸው?

ማኅቶት፦ ሁለታችሁም መጀመሪያ 65,537ን ጻፉ፤ ፮፼፶፭፻፴፯፤ እዚያ ላይ ጠብ የለም።

ዘጉባኤ፦ እዚያ ላይማ አንድ ፼ ብቻ ነው ያለው!